የቡና አገር ረሃብ ወቅት አለው

ጅማ ላይ ሰጪ አልጠፋም። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየመስጊዱ በር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተዘረጋ እጅ ባዶውን የሚመለስበት ቀን ጥቂት ነው። ሰደቃው፣ ዘካው፣ ዝክሩ፣ ሰንበቴው ሁሉም አለ። እንዲህም ሆኖ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ በሒርማታ ገበያ ዳርና በመናኸሪያው ዙሪያ በረንዳ ላይ የሚያድረው ሰው ይበዛል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች በሃይማኖት ስም የሚደረገው በጎ አድራጎት የጎደለው ልግስና አይደለም፤ ጊዜውን መጠበቅ ነው። የሰጪው እጅ የሚፈታው ቡና በተሸጠ ሰሞን ነው። ረሃቡ ደግሞ የሚገባው የቡናው ገንዘብ ካለቀ በኋላ ነው።

ከአጋሮ እስከ ሊሙ፣ ከማና እስከ ጌራ ዓመቱ የሚቆጠረው በቡና ነው። እሸቱ መስከረም መጨረሻ ላይ መቅላት ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማው ይጧጧፋል፤ እሸቱ ለማጠቢያ ጣቢያ፣ ጀንፈሉ ለነጋዴ ይሸጣል። ጥር የሠርግ፣ የቆርቆሮ ቤትና የዕዳ መክፈያ ወር ነው። ግንቦት ሲገባ ኪስ ይሳሳል፤ ሰኔ ላይ የአምናው በቆሎ ከጎተራ አልቆ የዘንድሮው ገና ከጉልበት አላለፈም። ብዙ ገበሬ ከነዛፉ ያልቀላውን ቡና በርካሽ ሸጦ ልጆቹን የሚያበላው ይኼኔ ነው። ጥቅምት ሲመጣ የሚለቅመው ቡና የራሱ መሆኑ ቀርቷል።

ዛፍ የሌለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ቡና በሚለቀምበት መጋዘን ሴቶቹ እግራቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ፊታቸው ከተከመረው ቡና እፍኝ እፍኝ እየበተኑ ጥቁሩን፣ ስብርባሪውንና ተባይ የበሳውን በጣታቸው ጫፍ ነጥለው ያወጣሉ። ከኋላቸው ሕፃን በነጠላ ተጠቅልሎ ይተኛል። ዓይናቸውን ከቡናው ሳያነሡ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ አከራይ ያወራሉ። የሚከፈላቸው በለቀሙት ልክ ነው። ክምሩ ሲያልቅ መጋዘኑ ይዘጋል፤ የቅጥር ደብዳቤ ስላልነበረ የስንብትም የለም። ከዳውሮና ከከምባታ ለለቀማ መጥተው የመመለሻ መሳፈሪያ ሳይተርፋቸው የቀሩት ወጣቶችም እዚሁ ይጨመሩ። ሰው ከመሬት ተነሥቶ ጎዳና አይወጣም። መጀመሪያ ሥራው ይቆማል፤ ቀጥሎ የአንድ ወር ኪራይ ያድራል፤ ሁለተኛው ሲደረብ አከራዩ ዕቃውን ደጅ ያወጣል።

መንግሥት የት አለ? መንግሥት የከተማ ምግብ ዋስትናና ሴፍቲኔት ፕሮግራሙን በ2009 ሲጀምር የመረጣቸው 11 ከተሞች ነበሩ። ከኦሮሚያ የገባችው አዳማ ነበረች፤ ጅማ አልነበረችም። ፕሮግራሙ ኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። ያም ሆኖ «የቡና አገር ሀብታም ነው» የሚለው ግምት ሥር የሰደደ ነው። በእርግጥ ገንዘቡ አለ፤ በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ያገኘችው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህ ገንዘብ ግን ዛፍ ላለው፣ መጋዘን ላለው፣ ላኪ ለሆነው እንጂ ስብርባሪ ለምትለቅመው ሴት አይደርስም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ዘወትር የሚገኙት መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እነሱን የምወቅሰውም ከእነሱ የምጠብቀው ስላለ ነው።

የሃይማኖቱን አቆጣጠር ከቡናው ጋር እናስተያየው። ሙስሊሙ አብዝቶ የሚሰጠው በረመዳን ነው፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ወቅቶችን ይዞራል። በ2005 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ስለገባ ማፍጠሪያው የተከፋፈለው በትክክለኛው የችግር ሰዓት ነበር። በ2017 ግን የካቲት 22 ገባ፤ የቡናው ብር ገና ትኩስ ነው። ዙሩ ሞልቶ ረመዳን ዳግም ሐምሌ ላይ እስኪደርስ 33 ዓመት ግድም ይፈጃል። በኦርቶዶክሱ በኩል ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ በልኩ የገጠመ ጾም ነው። ይሁንና ድግሱና ዝክሩ የሚበዛው ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖረው፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው።

የአዝመራ ዘካ ነገር ከዚህ ይለያል። ቁርኣን የአዝመራውን ሐቅ በሚሰበሰብበት ዕለት ስጡ ስለሚል፣ ክፍያው በቀጥታ ከመከሩ ጋር የታሰረ ነው። በዝናብ ከበቀለ 10 በመቶ፣ በመስኖ ከሆነ 5 በመቶ ይወጣል። ቡና ግን በሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ መንገድ) የዕለት ቀለብ ተብሎ ስለማይቆጠር የአዝመራ ዘካ የለበትም፤ ለንግድ ሲውል በዓመቱ 2.5 በመቶ ይከፈልበታል። በሐነፊ መዝሀብ ግን የአዝመራው ዘካ ይመለከተዋል። በአንድ ዛፍ ቡና ላይ ድሃው የሚያገኘው ድርሻ በአራት እጥፍ ይለያያል ማለት ነው። ብይኑ የዑለማዎች ነው። እኔ የምለው፣ የጅማ ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ ቁጭ ብለው ቢመክሩ የሚጠቀመው ድሃ ብዙ ነው።

በዓል የማይጠብቅ በጎ አድራጎት ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የማዘር ቴሬዛ እህቶች በድርቁ ዘመን፣ በ1966 መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብተው ዛሬ በብዙ ከተሞች ይሠራሉ፤ በጅማም ቤት አላቸው። ከመንገድ የተነሣ ሕመምተኛ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሃይማኖቱ አይጠየቅም። ከእኛ የሚበልጡት በርኅራኄ ይመስል ነበር፤ ቀርቦ ሲታይ ግን ብልጫቸው ነሐሴ 12 የሚሠሩት ጥር 12 ከሚሠሩት አለመለየቱ ነው።

ይህን ለማድረግ መነኩሴ መሆን አያሻም። በቆሎ ገበያ ላይ የሚረክሰው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሐምሌ ላይ ይወደዳል። ቡና ሲሸጥ የተሰበሰበ ሰደቃና አሥራት ታኅሣሥ ላይ በቆሎ ቢገዛበት፣ ያው ብር በሐምሌ ከሚገዛው የበለጠ ሰው ይመግባል። የጅማ እርጥበት እህል ያሻግታል፣ ነቀዝም አለ፤ ስለዚህ በቆሎው በደንብ ደርቆ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ጆንያ ይቀመጥ። ለሙስሊሙ ወቅፍ የሚባል፣ ንብረትን ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው የመስጠት የቆየ ሥርዓት አለ፤ አንድ ባለሀብት ማሳውን ወይም መጋዘኑን ወቅፍ ቢያደርግ ገቢው ለክረምት ቀለብ ይሆናል። ገንዘቡንም ቢሆን በ2013 ሥራ የጀመሩት ከወለድ ነፃ ባንኮች ዘምዘምና ሂጅራ ይይዙታል። ዕድሮች ደግሞ ለቀብር የሚያወጡትን ያህል ባይሆንም፣ በክረምት ለአንድ ችግረኛ ተከራይ የሁለት ወር ኪራይ የሚሸፍን ሣጥን ቢከፍቱ፣ ቤተሰቡ ዕቃው ደጅ ከመውጣቱ በፊት ይድናል። ከወጣ በኋላ መመለሱ የሚጠይቀው ወጪ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

«ልመናን ማበረታታት ነው» የሚሉ አሉ። ስንፍና ቢሆን ኖሮ በጥቅምትም ይታይ ነበር። ቡና ለቃሚዋ ሴት ስምንት ወር ለቅማ አራት ወር የምትራበው ሥራ ጠልታ አይደለም።

የሚከብደው የተረጂዎቹን ዝርዝር ማን ያውጣ የሚለው ነው። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ከጅማ ዞን ሕዝብ ከ85 በመቶ በላይ ሙስሊም ነበር፤ በጅማ ከተማ ግን ኦርቶዶክሱ 47፣ ሙስሊሙ 39፣ ፕሮቴስታንቱ 13 በመቶ ግድም ነበር። በዚሁ ዞን አሰንዳቦ አካባቢ በየካቲት 2003 በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ያን የሚያስታውስ ሰው ጎረቤቱን በርዳታ ዝርዝር ላይ ማየት ወይም አለማየት ምን ያህል እንደሚያስከፋ ያውቃል። አብዛኞቹ ፉቀሃእ (የእስልምና ሕግ ሊቃውንት) ዘካን ለሙስሊም ድሃ ይወስኑታል፤ ሰደቃ ግን ለማንም ይሰጣል። እንግዲህ የጋራው ጎተራ በሰደቃ፣ በአሥራትና በዕድር መዋጮ ይሙላ፤ ዘካው በራሱ መንገድ ይሂድ። ዝርዝሩን ከመስጊዱ፣ ከደብሩ፣ ከወንጌላውያኑና ከዕድሩ የተውጣጡ ሰዎች በየቀበሌው አብረው ይጻፉ። መጋዘኑ ሲዘጋ ማን ባዶ እጁን እንደሚቀር ከዕድር ሰብሳቢ በተሻለ የሚያውቅ የለም። ስብሰባው ግን በኅዳር፣ ቡናው ገበያ ላይ ሳለ ይጠራ። በሰኔ የሚጠራ ስብሰባ በቆሎ በውድ መግዛት ብቻ ይቀረዋል።