በእቃ እቃ ውስጥ ያየናት እናት



ስለ ቤተሰብ ደስታ ለመጻፍ ብዕር ስናነሳ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከትልልቁ ጉዳይ ነው፤ ከጋብቻ፣ ከመብትና ከግዴታ፣ ከልጅ አስተዳደግ። በዚህ ወር ግን በቤታችን በር ላይ ከተዘረጋች አንዲት ቁራጭ ጆንያ እንጀምራለን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የተማሪዎቻችንን የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ከምረን እያረምን፣ በዚያው ደግሞ የምሳውን ዕቃ ለማጠቢያ ውኃ ጥደን ነበር። ልጆች ከደጅ ጆንያ ዘርግተው እቃ እቃ ይጫወታሉ። የጠርሙስ ክዳን ድስት ሆኗል፣ ቅጠል ጎመን ሆኗል፣ ጭቃ እንጀራ ሆኗል። የሰባት ዓመቷ ልጃችን እናት ናት። ምን ትል ይሆን ብለን ከመጋረጃው ኋላ ቆመን ጆሯችንን ጣል አደረግን።

“ቶሎ ብሉ! ጊዜ የለኝም! አትንኩ አልኩ፣ የእንግዳ ነው! አሁን አይደለም፣ በኋላ ትነግሩኛላችሁ!”

ይህን ሁሉ ስትል አንድ ጊዜም አልተቀመጠችም። የጎረቤት ልጅ፣ “እማ፣ አንቺስ አትበዪም?” ቢላት፣ “እናት ቆማ ነው የምትበላው” ብላ መለሰችለት።

ሳቃችን መጣ፤ ወዲያውም ጉሯችን ላይ ቀረ። ልጅቱ አልዋሸችም፣ አልጨመረችም። በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ተማሪ የተማረውን መልሶ ሲያነብ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ትምህርቱ በደንብ ገብቷታል። አላህ ዕድሜ ሲሰጣት በራሷ ቤት በራሷ ልጆች ላይ ይህንኑ ልትደግመው ነው።

የሚገርመው ግን ራሳችንን ከደስተኞቹ እናቶች እንቆጥር ነበር። ልጆቻችን ንጹሕ ለብሰው ይወጣሉ፣ ቁርኣን ይቀራሉ፣ የቤት ሥራቸው ይታይላቸዋል፣ ርቧቸው አያድሩም፤ አልሐምዱ ሊላህ። ደስታውን ግን ሳናውቀው ለበኋላ አስቀምጠነው ኖሯል፤ ደሞዝ ሲጨመር፣ ቤቱ ሲሰፋ፣ ትንሹ ልጅ ነፍስ ሲያውቅ። በዚህ ላይ የጎረቤት ቤት አለ። ለአንዲት ወዳጃችን እህቷ ከዐረብ አገር ምንጣፍ ልካላት እንኳን ደስ አለሽ ልንል ሄድን፤ ስንመለስ የራሳችን ምንጣፍ በአንድ ቀን አርጅቶ ጠበቀን። በዱንያ ጉዳይ ከእኛ በታች ያለውን እንጂ ከበላያችን ያለውን እንዳንመለከት፣ ይህም የአላህን ጸጋ ከማቃለል እንደሚጠብቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን በመድረሳ ሳለን ተምረናል፤ ተፈትነንበት ሙሉ ነጥብም አግኝተናል። ከምንጣፉ ፊት ስንቆም ግን ትዝ አላለንም።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለን ያስታወስነው የፋጢማን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ እህል ከመፍጨት ብዛት እጇ ተጎድቶ ነበር። ለአባቷ ምርኮኞች መምጣታቸውን ሰምታ አገልጋይ ልትጠይቅ ሄደች። ስላላገኘቻቸው ጉዳይዋን ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራ ተመለሰች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን እንደሰሙ ማታ መጡ። እሷና ዐሊይ (ረ.ዐ.) ጋደም ብለው ነበርና ሊነሱ ሲሉ ባሉበት እንዲሆኑ ነግረው በመካከላቸው ተቀመጡ፤ ዐሊይ የእግራቸው ቅዝቃዜ ደረቱ ላይ እስኪሰማው ድረስ። ከዚያም ከአገልጋይ የሚሻላቸውን አስተማሯቸው፤ መኝታቸው ላይ ሲሆኑ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱ ሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንዲሉ። ዐሊይ ከዚያ ወዲህ ትቶት እንደማያውቅ ሲናገር፣ በሲፊን ጦርነት ሌሊት እንኳ አልተውከውም ወይ ተብሎ ተጠይቋል፤ ያን ሌሊትም አልተወውም። ሲፊን የሆነው በ37 ዓመተ ሂጅራ ነውና፣ ያቺ የቤት ውስጥ ምሽት ስንት ዓመት አብራው እንደኖረች አስቡት።

ይህን ሐዲስ በልጅነታችን ስንማር የገባን፣ ፋጢማ “ታገሺ፣ አትጠይቂ” ተብላ እንደተመለሰች ሆኖ ነበር። ሐዲሱን የመተንተኑን ሥራ ለዑለማዎች እንተወውና፣ እንደ አንዲት የደከማት እናት ስናነበው ግን ሌላ ነገር ታየን። ድካሟ አልተናቀም፤ ምን ሠርተሽ ደከመሽ አልተባለችም። አባቷ በሌሊት ራሳቸው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። የተሰጣትም ዚክር ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጎን ሲያርፍ የሚባል ነው። ወፍጮው በማግስቱም እዚያው አለ፤ የቀኑ መዝጊያ ግን ተለውጧል። እኛስ ቀናችንን የምንዘጋው በምንድን ነው? በነገው ሥራ ዝርዝር፣ በሽንኩርት ዋጋ፣ ከዚያም ስልክ ላይ የሰው ሳሎን በማየት።

በማግስቱ ቡፌውን ከፈትን። ለእንግዳ ብለን ያስቀመጥናቸው ሰሃኖች አቧራ ለብሰዋል። እንግዳው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለዒድ ይመጣል፤ ልጆቻችን በየቀኑ በተጣመመ ፕላስቲክ ይበላሉ። አውጥተን አጠብናቸውና ምሳ አቀረብንባቸው። በሁለተኛው ቀን አንዱ ተሰበረ። እውነቱን ለመናገር ጮኸናል። ልማድ በአንድ ሌሊት አይለቅም።

እንጀራ ከሱቅ መግዛት ከጀመርን ሁለት ዓመታችን ነው። መግዛቱን አንነቅፍም፤ ሥራ ውላ የምትገባ እናት ምጣድ ላይ ካልቆመች ጎደለች የሚሉትን አንሰማቸውም። ነገር ግን ትንሹ ልጃችን እንጎቻ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። እኛ በልጅነታችን እናታችን ስትጋግር ምድጃው አጠገብ ተኮልኩለን የምንጠብቀው ያቺን ከሊጡ ጥራጊ የምትወጣ ትንሽ እንጀራ ነው። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ በበርበሬና በቅቤ ለውሳ እስክትሰጠን ድረስ ማን አስቀድሞ እንደሚቀበል እንጣላ ነበር። እናታችን ከእኛ ይበልጥ እንደምትደክም አሁን ገብቶናል፤ ግን ምጣዱ ፊት ዝቅ ብላ ስለምትቀመጥ ፊቷ ከፊታችን እኩል ነበር። እናም አሁን በአሥራ አምስት ቀን አንድ እሑድ፣ መብራት ካለ፣ ጥቂት ሊጥ አቡክተን እንጋግራለን። የሚወጣው እንጀራ ከሁለት ቀን አያልፍም፤ የምንጋግረውም ለእንጀራው ብለን አይደለም።

ከባዱ ተቀምጦ መብላት ሆነብን። ሁሉም በአንድ ትሪ ሲቀርብ አንዱ እጁን ወዲያ ወዲህ ይሰዳል፣ አንዱ ሥጋውን ይለቅማል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያሳደጉት የኡሙ ሰለማ ልጅ ዑመርም እጁ ሳህኑን የሚዞር ልጅ ነበር። ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኝ እጁ እንዲበላ፣ ከፊቱም እንዲበላ፣ ሦስቱን ነገር አከታትለው ነገሩት፤ አበቃ። ልጁም አድጎ ከዚያ በኋላ አበላሉ እንዲሁ ሆኖ እንደቀረ ራሱ ተርኳል። ይህን የነገሩት ከልጁ ጋር ማዕድ ላይ ሆነው ነው። እኛ ከጓዳ ሆነን ስንት ጊዜ ጮኸን እንዳልተሳካልን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህን ጽሑፍ የልጆቹ አባት ገና በረቂቁ አንብቦት፣ “ለመሆኑ በእቃ እቃው ውስጥ አባት የሆነው ልጅ ምን ያደርግ ነበር?” ሲል ጠየቀ። አባት የሆነው ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጆንያው ላይ ተጋድሞ ጠፍጣፋ እንጨት እየነካካ “ዝም በሉ፣ እየሰማሁ ነው” ይል እንደነበር ነገርነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን በማገልገል ሥራ ላይ እንደሚሆኑ፣ የሶላት ወቅት ሲደርስም ወደ ሶላት እንደሚወጡ መመለሷን ሳንጨምርለት ቀረን። እሱም ያውቀዋል።

ምንም አላለም። ከመግሪብ በኋላ ግን የተሰበረውን ሰሃን ስባሪ ከጥራጊው መሐል አውጥቶ፣ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በድንጋይ ሲሞርድ አገኘነው። ልጆቹ ለእቃ እቃ ፈልገውት ነበር። አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ይጠብቃሉ። ጨዋታው ከዚያን ዕለት ወዲህ ወደ ጎረቤት ግቢ ዞሯልና፣ እናትየው አሁን ምን እንደምትል ገና አልሰማንም።