ሸክላ አሳታሚውና የድምፅ ባለሙያው

ከከሚሴ፣ ከባቲና ከሰንበቴ አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ማታ ማታ ስንሰባሰብ አንድ ልማድ አለን። እያንዳንዳችን ከቤት በስልክ ቀርጸን ያመጣነውን የሠርግ ዘፈንና መንዙማ በየተራ እናሰማለን። የሚደርስብን ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ድቤው ያጓራል፣ ጭብጨባው ይፈነዳል፤ የአውራጇ ግጥም ግን አይለይም። በቦታው ስንቆም አጥንታችን ድረስ የዘለቀው ድምፅ እዚህ ሲደርስ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ብዙዎቻችን ጥፋቱን በስልኩ ላይ እንጥላለን። ስልኩ በእርግጥ ድርሻ አለው። ድቤው በተመታ ቁጥር መሣሪያው በራሱ ፈቃድ የድምፁን መጠን ዝቅ ያደርጋል፤ ከድቤው ጋር የአውራጇም ድምፅ አብሮ ይሰምጣል። ዋናው የጎደለው ግን ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው እንላለን፤ እሱም አንድ ሳይሆን ሁለት። አንደኛው የትኛው ዘፈን፣ በማን አንደበት፣ ለማን ይቀረጽ ብሎ የሚወስነው አሳታሚ ወይም ፕሮዲዩሰር ነው። ሁለተኛው ይህ ድምፅ ከየት ቢወሰድ ሳይጎድል ይገባል ብሎ የሚጨነቀው የድምፅ ባለሙያ ነው።

ስለ አሳታሚው በአገራችን መልካም ምሳሌ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ዐምሐ እሸቴ ገና ወጣት ሳለ በ1969 ዐምሐ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተሙ መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ዓለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳተመና አዲስ አበባ ውስጥ ሸጠ። በ1975 አገሩን ለቆ እስኪወጣ ድረስ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እትም የዚያን ዘመን ሥራዎች ለዓለም ሲያሰማ፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት የተቀረጸው ድምፅ ሕያው ሆኖ ተገኘ። ዐምሐ በ2021 ሲያርፍ ስሙ በብዙ አገር ተነሣ፤ ይገባዋልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናቅርብ። የዘፋኙን ስም እናውቃለን፤ የባንዱንና የአቀናባሪውን ስምም እናውቃለን። ማይክሮፎኑን ከሳክስፎኑ ስንት ክንድ አርቆ እንደሚያቆም የወሰነው ሰው ማን ነበር? ከመካከላችን መልስ የሚሰጥ እምብዛም የለም፤ በሸክላው ላይም ስሙ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። የእጁን ሥራ ሃምሳ ዓመት ስንሰማ ኖረን ስሙን አለማወቃችን ሊያሳፍረን ይገባል።

በሌላው ዓለም ይህ ጥንድ ምን እንደሚሠራ እንይ። በ1966 ለንደን ውስጥ የቢትልስ አሳታሚ ጆርጅ ማርቲን ሲሆን፣ የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ በትልቁ ከበሮ ውስጥ ሹራብ ጎስጉሶ፣ ማይክሮፎኑን የስቱዲዮው ደንብ ከሚፈቅደው በላይ አስጠጋ። የጆን ሌነንንም ድምፅ ለኦርጋን በተሠራ ተሽከርካሪ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አሳልፎ ቀዳው። ማርቲን በሙዚቃ ትምህርት የበሰለ ሰው ሆኖ ሳለ የልጁን ድፍረት ተቀበለ። በጃማይካም ኪንግ ተቢ የሚባለው ሬዲዮ ጠጋኝ በ1970ዎቹ ከአሳታሚው ከበኒ ሊ ጋር ሆኖ፣ አንድ ጊዜ የተቀረጸውን ዘፈን እየበታተነ፣ ድምፃዊውን እየቀነሰ፣ ባስና ከበሮውን እያጎላ «ደብ» የተባለውን ሙዚቃ ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። አንዱ ዕቃውን ያውቃል፣ ሌላው ዘፈኑንና አድማጩን ያውቃል፤ የአንዱ ዕውቀት የሌላውን ስሕተት ያርማል።

«ዛሬ ኮምፒዩተር ስላለ አንድ ሰው ሁለቱንም ይሠራዋል» የሚሉን ጓደኞች አሉ። በእርግጥ በኮምፒዩተር ብቻውን ተቀምጦ መልካም ዘፈን የሚያወጣ አለ። ነገር ግን ብቻውን የሚሠራ ሰው «ይህ አልጣፈጠም፣ እንደገና እንሞክር» የሚለው የለውም። ደግሞም ኮምፒዩተር ያልገባ ድምፅ ሊፈጥርልን አይችልም። በድቤው የተዋጠውን የአውራጇን ቃል በኋላ ፈልቅቆ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በጊዜው ማይክሮፎኑን ወደ እሷ ማስጠጋት ግን ቀላል ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል እንደሚቀንስ የፊዚክስ መምህሮቻችን ያስተምሩናል። ይህን ትምህርት ለፈተና ብቻ ነው እንዴ የምንማረው?

ጉዳዩ ለእኛ የቅንጦት አይደለም። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር፣ አንዱ የሚጠራው በባቲ ስም ነው። ባቲ ሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የምታገናኝ ከተማ ናት። ስማችን በዓለም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲነሣ፣ የገዛ እናቶቻችን በኦሮምኛና በአማርኛ የሚያወርዱት ዘፈን በቅጡ ሳይቀዳ ከቀረ ምን ይባላል? አውራጆቹ እያረጁ ነው። አንዲት አሮጊት ስታልፍ የምትሄደው ብቻዋን አይደለም፤ ግጥሙም ዜማውም አብሯት ይሄዳል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለዕረፍት ወደ ወረዳችን ስንመለስ ሁለት ሁለት ሆነን እንውጣ፤ አንዱ ከቋንቋና ከሥነ ጽሑፍ፣ ሌላው ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና ወይም ከፊዚክስ። ሁለተኛ፣ ከመቅረጻችን በፊት ባለ ዘፈኗን እናስፈቅድ፤ የቀረጽነውንም መጀመሪያ ለእሷ እናሰማ፤ ከማንኛችንም የበለጠ ፈራጅ እሷ ናትና። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የአውራጇ፣ የመራጩና የቀራጩ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ።

መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ትምህርት ቆጥረው እንዲመሩን እንለምናለን። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይባላል። በመንዙማ ቤት ያደግን ልጆች ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን ሁለተኛውን እጅ መፈለግ ነው። የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ በደስታ እናነባለን።