ከ«የት?» በፊት «መቼ?»

«ባሕር ዳር» ስላችሁ ጣናን ያሰባችሁ ተመለሱ፤ ዛሬ የማወራው ስለ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ነው። እንግሊዞች ልጆቻቸውን፣ ውሻቸውንና የዝናብ ጃኬታቸውን ጭነው ይወርዱና አንዲት የድንጋይ ቤት ለሳምንት ተከራይተው፣ ዝናቡን በመስኮት እያዩ «እንዴት ደስ ይላል!» ይባባላሉ። ቤቷን ኮቴጅ ይሏታል። ለንደን፣ ሊድስና ማንችስተር ያለን አበሾችም ቀስ በቀስ እየገባንበት ነው። ደግ አደረግን። አገባባችን ላይ ግን ጥያቄ አለኝ።

እስቲ የትኛውንም ቤተሰብ የዋትስአፕ ግሩፕ ክፈቱ። ወሬው «የት እንሂድ?» ብሎ ይጀምራል። አንዱ ኮርንዋል ይላል፣ ሌላው ዴቨን፣ እትዬ ደግሞ «ቅርብ ይሁን፣ ወገቤ አይችልም» ይላሉ፤ በዚሁ ወሩ ያልቃል። እኔ የምለው አጭር ነው፦ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «መቼ?» ነው። ቀኑን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ገንዘቡን ያድናል፣ ጾሙን ያድናል፣ አንዳንዴም ነፍሱን ያድናል። አጋነንክ እንዳትሉኝ፣ አንድ በአንድ እንየው።

ከትምህርት ቤት እንጀምር። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ከጁላይ መጨረሻ ገደማ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ስድስት ሳምንት ያህል ይዘጋሉ። የሀገሩ ወላጅ ሁሉ በዚያች ጠባብ በር ይጋፋል፤ አከራዩም ይህን ያውቃል። ዋጋው ኦገስት ላይ ጣሪያ ቢነካ ምን ይገርማል?

«ልጆቹን አንድ ሳምንት ብናስቀራቸውስ?» የሚል አይጠፋም። ስሙማ! ከኦገስት 2024 ጀምሮ በመላ እንግሊዝ በሚሠራው ደንብ፣ በአሥር የትምህርት ሳምንት ውስጥ አምስት ቀን ያህል ያለፈቃድ የቀረ ልጅ ወላጆቹን ሊያስቀጣ ይችላል። ቅጣቱ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 80 ፓውንድ ነው፤ ያ ካለፈ እስከ 28ኛው ቀን 160 ይሆናል። ታዲያ ይሄ ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ በእያንዳንዱ ልጅ ነው። ሦስት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት 480 ፓውንድ፣ ከዘገዩ 960 ፓውንድ ማለት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተደገመ ቅናሹ ቀርቶ በቀጥታ 160 ነው፤ በሦስተኛው ወደ ፍርድ ቤት ሊያስኬድ ይችላል። ልጃቸውን ለሽርሽር አስቀርተው «ቅጣቱን አልከፍልም» ያሉ አንድ አባት ክርክሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰውት በ2017 ተረትተዋል።

ልጅ ከትምህርት ገበታው አይቅር ማለቱ ልክ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ቅጣቱ ማንን እንደሚያም እንይ። ለባለሀብቱ ከኪራዩ ጋር ተደምሮ የሚረሳ ሒሳብ ነው። ለአውቶቡስ ሹፌሩና አዛውንት ለምትንከባከበው እህታችን ግን የወር አስቤዛ ነው። እኩል ቅጣት እኩል አይከብድም። ደንቡ እስኪሻሻል ድረስ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንዱ ሃፍ ተርም የሚባለው የአንድ ሳምንት እረፍት ነው፤ በሜይ መጨረሻና በኦክቶበር መጨረሻ ገደማ ይመጣል፤ ርካሽ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ከኦገስት ይሻላል። ሁለተኛው ልጆቻቸው ገና ትንንሽ ለሆኑ ነው። የግዴታ ትምህርት የሚጀምረው ልጁ አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ በሚመጣው ተርም ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ጁንም ሴፕቴምበርም የእናንተ ነው። ወደፊት የሚቆጫችሁን ዕድል አሁን ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ራሳችን ካላንደር እንምጣ። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ትገባለች፤ ነሐሴ 16፣ ኦገስት 22 ትፈታለች። አያችሁት? ዋጋው ጣሪያ በነካበት በዚያው ሰሞን! ቤተሰቡ የዓመት ቁጠባውን ከፍሎ ይወርድና የሚጠብቀው ዓሣ፣ አይስክሬምና ቅቤ የጠገበ ኬክ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምህራን ልተወው። «ድንቹን ብቻ እንበላለን» የምትሉ ግን ጠይቃችሁ ብሉ፤ በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይ በዮርክሺር፣ ዛሬም ድንቹን በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች ሞልተዋል። እማማን ሳያውቁት ማስገደፍ ማለት ይሄ ነው።

የሜይ መጨረሻው ሃፍ ተርም ግን ብዙ ጊዜ የሚውለው ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት! ፍልሰታን የሚያስንቅ ዋጋ፣ ጾም የሌለበት ሳምንት፣ ረጅም ቀን። ጉድለቱ ባሕሩ ገና በረዶ መሆኑ ነው። የባሕር ውኃ ከየብሱ ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ መዋኘት ለሚያምረው ሴፕቴምበር ከሜይ ይሻላል። ሙስሊም ወዳጆቻችሁ አብረው ካሉ ደግሞ ዒድን እዩ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ያምናው ሒሳብ ለዘንድሮ አይሠራም።

«እኛ የመጣነው ለሥራ ነው፤ ሽርሽር የሀብታም ነው» የሚሉ ትልልቆች አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ሀገር ቤት የሚላከውን ብር የላኩት እነሱ ናቸው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የላንክሺር የፋብሪካ ሠራተኞች ከተማቸው ያሉት ፋብሪካዎች በአንድነት በሚዘጉባት ሳምንት ብላክፑል ይወርዱ የነበረው፣ አብዛኞቹ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ነው። በ1871 ባንክ ሆሊዴይ በሕግ መጣ። ደመወዝ የሚከፈልበት እረፍት ሕግ የወጣው በ1938 ነው፤ እሱም ከብዙ ትግል በኋላ። ዛሬ ሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት የተከፈለበት እረፍት መብቱ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 28 ቀን። የሥራ ሰዓታቸው በየሳምንቱ ለሚለዋወጥም ይታሰባል። ቀጣሪያችሁ እየቸራችሁ አይደለም። ብቻ ቀኑን መወሰን ላይ እሱም ድምፅ አለው፤ ውላችሁ ሌላ ካላለ ለአንድ ሳምንት እረፍት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ሦስት ቤተሰብ፣ አምስት ሺፍት፣ አንድ ኮቴጅ... ይሄን በሁለት ሳምንት የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም። ከወራት በፊት ተነጋገሩ።

አራተኛው ምክንያት የእኛ አይደለም፤ የመንደሩ ነው። ኮርንዋል ውስጥ ሴንት አይቭስ የምትባል የባሕር ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ በ2016 ሕዝበ ውሳኔ አድርገው፣ ከእንግዲህ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርባቸው ሰው ብቻ ይሁኑ ብለው በከፍተኛ ድምፅ ወሰኑ። ለምን? ቤቱ ሁሉ የእረፍት ቤት ሲሆን እዚያው የተወለደ ወጣት የሚከራየው ጎጆ ያጣላ! በብርዱ ወራት መስኮቱ ጨለማ የሆነ መንገድ፣ ደንበኛ የሌለው ሱቅ ይቀራል። ከኤፕሪል 2025 ወዲህም ካውንስሎች በሁለተኛ ቤት ላይ እጥፍ ግብር መጣል ተፈቅዶላቸዋል፤ ኮርንዋልም ጥሏል።

«እንግዲያው ኮቴጅ መከራየት ኃጢአት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ኃጢአት አልልም። ግን ከተከራዮቹ አንዱ እኛ ነን፤ እጃችንን መታጠብ አንችልም። ለንደን ውስጥ በቤት ኪራይ የተንገበገበ ሰው ይሄን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። የምንችለው ይሄ ነው፦ ሁሉም በሚጋፋበት ኦገስት፣ ሁሉም በሚጋፋበት መንደር ከምንጨመር፣ ሱቁ ገበያ በሚፈልግበት ኦክቶበር እንሂድ። ስሙ ያልገነነ ባሕር ዳርም ባሕር ነው፤ የኖርዘምበርላንድ አሸዋ ከኮርንዋል አሸዋ አያንስም። ዳቦውን ከመንደሩ ዳቦ ቤት፣ ዓሣውን ከመንደሩ ዓሣ ሻጭ እንግዛ። እንጀራውን ብቻ ከለንደን እንጫን።

የመጨረሻው «መቼ» የሰዓት ነው፤ ይሄን ቀልዱን ትቼ ልንገራችሁ። ጣናን ወይም ላንጋኖን አይቶ ያደገ ሰው ውኃ ባለበት የሚቆይ ይመስለዋል። የእንግሊዝ ባሕር በአብዛኛው ዳርቻ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ትናንት በዚህ ሰዓት ልጆቹ ኳስ የተጫወቱበት አሸዋ ከቀናት በኋላ በዚያው ሰዓት ውኃ ውስጥ ነው። ሊንዲስፋርን የምትባለው ደሴት በመኪና የምትደረሰው ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ነው። የማቋረጫ ሰዓቱ ተጽፎ ተለጥፎ እያለ «ትንሽ ነው፣ እናልፋለን» ያሉ ሰዎች መኪና በየዓመቱ ይሰጥማል።

መኪና ይተካል። ሞርካም ቤይ ላይ በፌብሩዋሪ 2004 በሌሊት ከአሸዋ ውስጥ ዛጎል ሲለቅሙ የነበሩ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ስደተኛ ሠራተኞች ባሕሩ ከቧቸው ሞተዋል። ያሰማሯቸው ሰዎች የባሕሩን ሰዓት ለማወቅ ግድ አልነበራቸውም። ስደተኛ ስለሆንን ይሄ ታሪክ የእኛም ነው፤ የሀገሩ ልጅ በልጅነቱ የተማረውን ለእኛ የሚነግረን የለም። ስለዚህ እንወቅ፦ የየቦታውን የሙላት ሰንጠረዥ ጠዋት ጠዋት ማየት፤ ላይፍጋርድ ባለበት፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ በሆኑት ባንዲራዎች መካከል ብቻ መዋኘት፤ ሰው ችግር ላይ ሲወድቅ ዘሎ ከመግባት በፊት 999 ደውሎ ኮስትጋርድ ማለት።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። ቤቱ «ለስምንት ሰው» ሲል ሳሎን ያለውን ተጣጣፊ ሶፋ ቆጥሮ እንደሆነ ጠይቁ። አንሶላና ፎጣ አብሮ መኖሩን፣ መያዣው መቼ እንደሚመለስ፣ ባቡር ጣቢያው ስንት እንደሚርቅ ጠይቁ። ከተጻፈው ሰው በላይ አታስገቡ፤ «አንድ ፍራሽ መሬት ላይ እንዘረጋለን» እዚህ ውል ማፍረስ ነው። ዕጣኑንና ቡና መቁላቱን ደግሞ ውጭ አድርጉት፤ የጭስ ደወሉ ቡና ጠርቷችሁት የመጣ ጎረቤት አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ግሩፑ ላይ የኮርንዋልን ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ «ሁላችንም የምንችልባት ሳምንት የትኛዋ ናት?» መልሱ ሲመጣ ባሕሩ የትም አይሄድም። ማለቴ... ይሄዳል፤ ግን በሰዓቱ ይመለሳል።