ያዋጋነውን ውሻ የት እናድርሰው?



ዛሬ የምናነሳው ስለ ውሻ ነው። ለአንዳንዶቻችን ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ እስኪ ታግሳችሁ አንብቡት።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ ሰፈሮች ያደግን ልጆች ነገሩን እናውቀዋለን። ሁለት ውሻ ይያዛል፣ ልጆች ክብ ይሠራሉ፣ "ያዘው! ያዘው!" ይባላል። አብዛኞቻችን ቆመን አይተናል፣ ጮኸንም አደፋፍረናል። በሌላው ዓለም እንዳለው የተደራጀ ንግድ አይደለም እንላለን። ጆሮው ለተቀደደው ውሻ ግን ልዩነት የለውም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንስሳትን እርስ በርስ ማነካከስን መከልከላቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዑለሞች በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩም፣ እንስሳን ለጨዋታ ማሠቃየት ሐራም መሆኑ አያከራክርም። ውርርድ ከገባበት ደግሞ ቁማር ተጨመረበት ማለት ነው። "ውሻ እኮ ነጃሳ ነው" የሚል ወንድም አይጠፋም። ምራቁ ነጃሳ ነው የሚለው የሻፊዒ መዝሀብ ውሻን አሠቃዩት አላለም፤ ዕቃውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እጠቡ ነው ያለው። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ በማጠጣቱ አላህ ወንጀሉን የማረለት ሰው ታሪክ በቡኻሪም በሙስሊምም አለ። መድረሳ ላይ ሁላችንም ሰምተነዋል።

እኛን ያሳሰበን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ያድጋል፣ ወይ ለትምህርት ወይ ለሥራ ከከተማ ይወጣል። ውሻው ይቀራል። ሲነክስ የኖረ ውሻ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር ይነሳል፣ ሰፈሩ ይፈራዋል፣ መጨረሻው ድንጋይ ወይም መርዝ ይሆናል። ያበላሸነው እኛ፣ የሚሞተው እሱ።

"እንዲህ ያለ ውሻ አይመለስም" የሚባለው እውነት ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ማይክል ቪክ በተባለ ታዋቂ የእግር ኳስ ተጫዋች (የእነሱ የአሜሪካ እግር ኳስ ማለት ነው) ግቢ ሲዋጉ የነበሩ 50 ያህል ፒትቡል ውሾች ተያዙ። ብዙ ሰው ይገደሉ ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን አንድ በአንድ እንዲመረመሩ ፈቀደ፤ ከ40 በላይ የሚሆኑት ተረፉ። 22ቱ ዩታ ወደሚገኝ የእንስሳት መጠለያ ሄዱ፣ ሌሎቹ በየቤቱ ተሰጡ፣ ሆስፒታል ሄደው በሽተኛ እስከማጽናናት የደረሱም አሉ። ለእንክብካቤያቸው ቪክ ራሱ 928,000 ዶላር ገደማ እንዲከፍል ተደረገ። ከዚያ የተማርነው ነገር ቢኖር ውሻን የሚነክስ ውሻ ሁሉ ሰውን የሚነክስ አለመሆኑን ነው።

እኛ መጠለያም ዶላርም የለንም። ያለን የኢሉባቦር በቆሎ ነው! ከከተማ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ገበሬውን ጠይቁት። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይመጡበታል። ማማ ላይ ወጥቶ ሲጮህ የሚያድር አባት አለ፤ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የሚጠብቅ ልጅ አለ። ያለ ጥቅም ውሻ ያሳደረ ሰው ከአጅሩ በየቀኑ እንደሚቀነስበት የሚናገረው ሐዲስ ለከብት ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ የሚያዘውን ለይቶ አውጥቶታል። እኛ መንገድ ላይ ያባከንነው ውሻ እዚያ በሐላል የሚያዝ ጠባቂ ነው።

ዝም ብሎ ግን አይሰጥም። መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በሽታው በምራቅ ነው የሚተላለፈው፤ ውሾችን ማነካከስ ማለት በሽታውን በእጃችን ማሰራጨት ማለት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም ውሻም የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻው ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ፣ ይታይ፣ ይከተብ። በቅርቡ በማይታወቅ ውሻ ከተነከሰ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ለማንም አይሰጥ፤ በሽታው ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላልና። (በነገራችን ላይ ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እየቀቡ መዘግየት ነፍስ ያስከፍላል።)

ሌላ ውሻ ያለበት ግቢ አይሂድ። ሰው ላይ የተነሳ ውሻ ከሆነ ደግሞ ሕፃናት ላሉበት ቤት መስጠት አማና ማጉደል ነው። ለሚወስደው ገበሬ ታሪኩን ሳንደብቅ እንንገረው፤ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን እንደመጣ ጭምር። ደግሞ አይሸጥም! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የውሻን ዋጋ ከልክለዋል፤ በነጻ ነው የሚሰጠው። የክትባቱን እኛው አዋጥተን እንክፈል፣ ለጫት የምትወጣው ብር ትበቃለች።

ከየሰፈሩ ሁለት ሦስት ወጣት ቢነሳ፣ የትኛው ውሻ የማን እንደነበር የሚያውቀው ያው የሰፈሩ ልጅ ነው። ከጁምዓ በኋላ ከገጠር ለሶላትና ለገበያ የመጡ አባቶችን መስጂድ በር ላይ መጠየቅ ይቻላል። በቆሎው እሸት ከመያዙ በፊት ከሆነ ውሻውም ማሳውን ለመልመድ ጊዜ ያገኛል።