ለጊታሪስቱ አጨበጨብን፤ ለአዝማሪውስ?

ጃዝ ቤት ስናመሽ ለጊታሪስት የምንሰጣት አንዲት ምስጋና አለች፤ «ይሄ ልጅ እኮ ሁሉን ይጫወታል!» ከብሉዝ ወደ ትዝታ፣ ከትዝታ ወደ ሬጌ ሲሻገር እናጨበጭባለን። ይገባዋል። ግን እስቲ እንጠያየቅ፤ ይሄን ችሎታ የጃዝ ብቻ ያደረገው ማነው?

ግሩም መዝሙርን እንውሰድ። ጃዝ ጊታሪስት እንለዋለን። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በመሠረተው አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ግን አኮርዲዮንም ያነሳል፤ የአያቶቻችንን ዘመን ዘፈኖች ከአንጋፋው አየለ ማሞ ማንዶሊን ጋር አዋህዶ አሰምቶናል። ከእሱ በፊት ደግሞ ሰላም ሥዩም አለ። በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድና ከብዙ ሌሎች ድምፃውያን ጀርባ ቆሞ ተጫውቷል። ዘፋኙ በተለወጠ ቁጥር ድምፁም፣ ቅኝቱም፣ አመሉም ይለወጣል (የዘፋኝ አመል ከቅኝት ይከብዳል ይባላል)።

በእኛ አስተያየት ሁለገብነት ብዙ ስልት መቁጠር አይደለም። ጆሮ ነው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ዘሎ ሲሄድ፣ ሰዉ ድንገት ለጭፈራ ሲነሳ፣ ጊታሪስቱ በአንድ ትንፋሽ ይወስናል፤ ኮርድ ልምታ? ዜማውን ልከተል? ወይስ ዝም ልበል? ስቱዲዮ ውስጥ ቢሳሳት ይደግመዋል። መድረክ ላይ መድገም የለም።

እንግዲህ በዚሁ ሚዛን ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንሂድ። የሰርግ ዳስ ውስጥ መሰንቆ የያዘ አዝማሪ ቆሟል። ያለው አንድ ጅማት ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ። እንደ ጊታር «እዚህ ጋ ተጫን» የሚል የብረት መስመር የለውም፤ ድምፁን የሚያገኘው በጣቱና በጆሮው ብቻ ነው። ዘፋኙ ራሱ፣ አጃቢው ራሱ፣ አስተናባሪውም ራሱ! ለሽማግሌዎቹ ውዳሴ፣ ለጎረምሶቹ ሽለላና ፉከራ፣ ለሚጨፍሩት እስክስታ፣ መሸት ሲል ትዝታ። ይሄ ሁሉ ሳይበቃ ከጥግ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይወረውርለታል። አዝማሪው ምቱን ሳይጥል ይቀበላል፣ አሳምሮ ይመልሳል፤ ወርቁ አጠገቡ ለተቀመጠው እንግዳ ስድብ መሆኑን የሚያውቀውም እያዜመ ነው። የትኛው ጃዝ ጊታሪስት ነው እንዲህ ያለ ፈተና የሚገጥመው?

ታዲያ አንዱን «አርቲስት»፣ ሌላውን ግን አሁንም ለስድብ በሚያገለግል ስም እንጠራዋለን። ከጊታሩ የምንወዳት ያቺ የምትንሸራተት፣ የምታለቅስ ድምፅ እኮ የመሰንቆ ዘመድ ናት።

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ባልጻፍን። የእንጀራም ነው። ዛሬ ሰርግ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ፍላሽ ይደገሳል። ፍላሹ አይደክመውም፣ ሽልማት አይጠብቅም፤ ግን «ተቀበል» ቢሉት አይቀበልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ጦርነት ደግሞ አለ። መንገድ ሲዘጋና ደስታ ሲቀር በመሰንቆው የሚያድር ሰው ምን ይበላል? ወደ አዲስ አበባ ይሰደዳል እንዳንል፣ በአዝማሪ ቤቶቿ የምትታወቀው ካሳንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈረሰች።

ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝአምባም አብሮ ነደደ፤ ከተሜው አዘነ። ማዘናችን ትክክል ነበር። የእስቴው አዝማሪ የሰርግ ወራት ባዶውን ሲያልፍ ግን ጭስ ስለማይወጣው ነው መሰለን፣ ማንም አላየውም።

እና ምን ይደረግ? መሰንቆ ተጫዋቹን በሁለት የጃዝ ዘፈን መሀል «አሁን ደግሞ ባህላዊ» ብሎ ለአምስት ደቂቃ ማውጣት ይቅር። እኩል ይከፈለው። ሲቀረፅ ስሙ ይጻፍለት፤ «መሰንቆ» ተብሎ መሣሪያው ብቻ አይጠቀስ። ወጣት ጊታሪስቶቻችንም የውጭ ጊታሪስቶችን ሶሎ ከዩቲዩብ እየቀዱ የሚያጠኑትን ያህል አንድ ክረምት አዝማሪ ሥር ይቀመጡ።

በሚቀጥለው ጃም ሴሽን ደግሞ አዝማሪው ይጀምር። ቅኝቱን እሱ ይምረጥ፣ ጊታሪስቱ ይከተል። «ተቀበል!» የምንለው እኛ ነን።