መጅሊስን የሚመርጠው ጀመዓው ነው ወይስ የቤት ቁጥሩ?



ውድ ጀመዓዎቻችን! መስከረም 27 ቀን 2005 የተደረገው የመጅሊስ ምርጫ ምዝገባውም ድምፅ መስጫውም በቀበሌ ነው ተብሎ ነበር። አስፈጻሚው የዑለማ ምክር ቤት ነው ቢባልም አዳራሹ የቀበሌ ነበር። በ2004 ከአወሊያ ግቢ ስንነሳ የጠየቅነው መሪዎቻችንን ራሳችን እንድንመርጥ ነበር። መልሱ «ምረጡ፣ ግን ቀበሌ ኑ» ሆነ። «ቦታው ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቦታው መራጩ ማን እንደሆነ ይወስናል።

በቀበሌ ዘንድ ነዋሪ ማለት መታወቂያ ያለው ነው። መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። ተከራይ ደግሞ የአከራዩን በጎ ፈቃድ ይለምናል። ስንቱ አከራይ ነው ተከራዩን በገዛ ቤት ቁጥሩ የሚያስመዘግበው? ከወሎ ወይም ከስልጤ መጥቶ በደባልነት የሚያድረው ወጣት፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህታችን፣ መርካቶ ጭነት ሲያወርድ ውሎ ኢሻን ከእኛ ጋር የሚሰግደው ወንድማችን የት ይመዝገቡ?

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ልጆቻችሁን ቁርኣን የምናስቀራ ኡስታዞች፣ ብዙዎቻችን የምንኖረው በመስጂድ ግቢ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። በስማችን የተመዘገበ የቤት ቁጥር የለንም። በቀን አምስት ጊዜ አዛን የሚያደርገው ሙአዚን፣ ከገጠር ኪታብ ሊቀራ የመጣው ደረሳ እንዲሁ ናቸው። በቀበሌው መስፈርት እነዚህ ሁሉ መራጭ አልነበሩም። የመስጂድን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ግን ስሙ የሙስሊም፣ መታወቂያው የታደሰ ከሆነ በኢማሞቻችን ላይ ለሚሾመው መጅሊስ ድምፅ ይሰጥ ነበር።

ስለ ነዋሪነት የሚወጣን ሕግ በጅምላ አንቃወምም። አዋጅ ቁጥር 532/1999 መራጭ 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ይሁን ይል ነበር። የቀበሌ ምክር ቤት ስለ ሰፈሩ ስለሚወስን ሰፈሩ ውስጥ የሚኖረው ይምረጥ መባሉ አግባብ ነው። መጅሊስ ግን የሚያስተዳድረው መስጂድን፣ ወቅፍን፣ መድረሳንና የሐጅ ጉዞን ነው። ነዋሪነት ይቆጠር ከተባለ በመስጂዱ ጀመዓ ውስጥ ይቆጠር። ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 11 መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖታቸውን አስተዳደር ተቋም ራሳቸው ማቋቋም እንደሚችሉ ይደነግጋል። ታዲያ የእኛ የመራጮች መዝገብ በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራ ነበር?

«በመስጂድ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ሶስት ቦታ ይመርጣል» የሚል ስጋት አለ፤ ተገቢ ስጋት ነው። ጁምዓ ቀን አንዋር መስጂድ የሚሰግደውን ሕዝብ ሁሉ በፊቱ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ነጋዴው ዙህርን ሱቁ አጠገብ፣ ኢሻን ሰፈሩ ይሰግዳል። መፍትሄው ግን ቅርብ ነው፤ ሰው ሱብሂን በሚሰግድበት መስጂድ ይመዝገብ። በዚያ ጨለማና ብርድ ከቤቱ ርቆ ሱብሂ የሚሰግድ ማን አለ? በሱብሂ ሰልፍ ላይ የምንተያየው ጥቂት ነን፤ አንዱ ሶስት ቀን ከቀረ «ታሞ ይሆን?» ብለን ቤቱ እንሄዳለን። እንዲህ ስድስት ወር የታወቀ ሰው፣ ኢማሙና ሁለት ጎረቤቶቹ ከመሰከሩለት፣ መሸኛም የአከራይ ፊርማም አያስፈልገውም። በሥራው ጠባይ ሱብሂ ላይ የማይገኘው የሌሊት ዘበኛም በእነዚሁ ምስክሮች ይመዝገብ።

እህቶቻችን ሱብሂ ላይ ስለማይገኙ ከምርጫው ይወጣሉ የሚለንም አለ። አይወጡም። በሰፈራቸው መስጂድ በሴቶች መግቢያ፣ በሴቶች መዝጋቢ፣ በሴቶች ምስክር ይመዘገባሉ። ልጆቻቸውን በየቀኑ ወደ መድረሳ የሚያመላልሱትን እናቶች እኛ በስም እናውቃቸዋለን፤ የቀበሌው ጸሐፊ ግን አያውቃቸውም።

እነዚህን ነገሮች ከእኛ ጋር ተቀምጠው መነጋገር የሚገባቸው የመረጥናቸው ኮሚቴዎቻችን ነበሩ። እነሱ ግን ከሐምሌ 2004 ጀምሮ እስር ቤት ነበሩ።

ስለዚህ በቀበሌ አንመዘገብም አልን። ካርድ ውሰዱ ብሎ በራችሁን ለሚያንኳኳ ሰው፣ ጎረቤታችሁ ነውና ክፉ ቃል ሳትናገሩት፣ መዝገቡ መስጂድ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች እኛ እንደምንሆን ንገሩት አልን።