ሥዕል ከሌለ ጥበብ የለም ያለው ማነው?

በቅርቡ ጓሳ ወጥቼ ነበር። መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ ሣሩን ጠብቀው ያቆዩት ደጋ ነው። ከአፋፉ ቁልቁል የይፋትን አቅጣጫ ሳሳየው፣ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ «ታች ደግሞ ምን ጥበብ አለ? ሙስሊም ሥዕል አይስል!» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኔም ጋዜጠኝነት ተምሬ እስክመረቅ ድረስ «የኢትዮጵያ ጥበብ» ሲባል የሰማሁት መስቀልና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ ነው። ኩራታችን ናቸው፤ ማንም አይክድም። ግን ግማሹን ቆጥሮ «አለቀ» ማለት ምን ይሉታል?

እስቲ እንነጋገር። መስጊድ ውስጥ የሰውና የእንስሳ ምስል አይገባም፤ እውነት ነው። ስለዚህ የጥበበኛው እጅ ወደ ፊደል፣ ወደ ሐረግና ወደ ጂኦሜትሪ ዞረ። ከመስጊድ ውጭማ የፋርስና የሕንድ ሙስሊም ነገሥታት ሠዓሊ ቀጥረው ሰውም ፈረስም አስለዋል። ታዲያ «አይስሉም» የሚባለው ከየት መጣ?

አገራችን ውስጥም ሞልቷል። እዚያው ይፋት፣ ኖራ የምትባለው ፍርስራሽ ከተማ ውስጥ የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ መስጊድ ቅሪት አለ። ሐረር፣ በተፈሪ መኮንን ቤት ያለው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም በቆዳ የተደጎሱ፣ ድጉሳቸው በጌጥ የታተመ የእጅ ጽሑፎችን ይዟል። የወሎ ሼኾች የአማርኛ መንዙማን በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። ቋንቋው የኛ፣ ፊደሉ የዐረብ! ይህን «ከውጭ የመጣ» የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ።

ደግሞ ጥፋቱ የሌላው ብቻ አይደለም። በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ እንደ ጎጆ ክብ የሆኑ የወሎ መስጊዶች «አረጁ» እየተባሉ ይፈርሳሉ። በቦታቸው ሲሚንቶና ሴራሚክ ይቆማል። ገንዘቡን የሚያዋጣው ምእመኑ ራሱ ነው፤ በቅን ልቡና። ሰጋጁ በዝቷል፣ ቤቱ ጠቧል፤ ይገባኛል። ግን ጎን ላይ አዲስ መሥራት አይቻልም? ያ ክብ መስጊድ እኮ ካይሮም ኢስታንቡልም የለም። ካፈረስነው የትም አናገኘውም።

የመንዝ ገበሬ ሣር እንዳያልቅበት ደንብ አውጥቶ ለዘመናት ጠበቀ። እኛ ዲግሪ የጫንነው የአባቶቻችንን መስጊድ ለመጠበቅ ምን ደንብ አወጣን? ምንም! የጥበብ ታሪክ የሚያስተምሩ ኖራንና ሐረርን ያስተምሩ። የመስጊድ ኮሚቴዎችም ዶማ ከማንሳታቸው በፊት ቢያንስ ፎቶ ያንሱ፣ ይለኩ፣ ባለሙያ ይጥሩ።

ጓደኛዬን ቀጥሎ ይፋት አወርደዋለሁ። እናንተስ?